አይጥ በኮርኒስ ውስጥ፤ በቤትና በንግድ ዕቃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና መከላከያው

ነጋዴ ስለ ኪሣራ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚታወሰው የገበያ ዋጋ መውደቅ፤ የዕቃ በመንገድ መዘግየት፤ የተበዳሪ አለመክፈል ወይም የሌባ እጅ ነው። እነዚህ ሁሉ በእርግጥ ንግድን የሚጎዱ ናቸው። ነገር ግን በየሌሊቱ ከራሳችን በላይ የሚመላለስ፤ ዋጋ የማይከፍልና ደረሰኝ የማይቀበል አንድ ሌላ ተካፋይ እንዳለ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ እያወቅንም እንተወዋለን። ይኸውም በኮርኒስና በቆርቆሮ ክዳን መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ጎጆውን ሠርቶ የሚኖረው አይጥ ነው።

በከተሞቻችን የብዙ ባለሱቅ መኖሪያና ሱቅ በአንድ ክዳን ሥር መሆኑ የታወቀ ነው። ሱቁ ከፊት ለፊት፤ መኖሪያው ከጓሮ ይሆንና ከሁለቱም በላይ ያለው ኮርኒስ ግን ያልተከፈለ አንድ ስፍራ ነው። ስለዚህ በመኝታ ቤት ላይ ሲሮጥ የተሰማው አይጥ በዚያው ሌሊት ወደ ሱቁ ወርዶ ከሩዙና ከስኳሩ ይቀምሳል። ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩ የገበያ ሱቆች ዘንድ ደግሞ የአንዱ ኮርኒስ ከጎረቤቱ ኮርኒስ ጋር ስለሚገናኝ፤ አይጡ አንዱን ሱቅ መኝታ ቤት ሌላውን ደግሞ ማዕድ ቤት አድርጎ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ፤ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል ለነጋዴዎቻችን ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ኮርኒስ የሚወጣው የትኛው አይጥ ነው?

ከሰው ጋር ተጠግተው የሚኖሩት አይጦች በዋናው ሦስት ወገን ናቸው።

1ኛ፤ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ክብደትዋ 20 ግራም ያህል ሲሆን፤ እርሳስ በሚያልፍበት፤ ማለት ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ መግባት ትችላለች።

2ኛ፤ ጥቁር አይጥ ወይም የጣራ አይጥ የሚባለው ነው። ይህ በተለምዶ አይጠ መጎጥ ከምንላቸው አንዱ ሲሆን ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ግራም ይደርሳል። ጭራው ከሰውነቱ ይረዝማል። በግድግዳ፤ በዛፍ፤ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ እንደ ልቡ ስለሚወጣና ከፍ ያለ ስፍራ ስለሚወድ፤ የኮርኒስ ዋናው ጌታ እርሱ ነው።

3ኛ፤ ቡናማው አይጥ ነው። ይህኛው ከሁሉ የሚበልጥ ግዙፍ ሆኖ በጉድጓድና በፍሳሽ ቦይ መኖርን ይመርጣል፤ ወደ ጣራ የሚወጣው ከሁለቱ ይልቅ በጥቂቱ ነው።

ጥቁር አይጥ የነጋዴ የቆየ ተከታይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዘሩ ከሕንድ ምድር ተነሥቶ እህልና ቅመም በጫኑ መርከቦችና ጓዞች እየተሳፈረ በጥንት ዘመን ወደ ግብፅና ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር አገሮች፤ ኋላም ወደ ዓለም ወደቦች ሁሉ ተዛመተ። ዛሬም ቢሆን ይህ ጉዞ አልቀረም። በ2005 የወጣውና ከሰኔ ወር 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፤ ከውጭ አገር ወደ ውጭ አገር የሚመላለሱ መርከቦች የንጽሕና ምርመራ የምስክር ወረቀት እንዲይዙ የሚያዝዝ ሲሆን፤ የወረቀቱ ዘመን ከ6 ወር አይበልጥም። ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ወረቀቱ ራሱ የአይጥ ማጥፋት ምስክር ወረቀት ይባል ነበር። በጂቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን አውቆ ኮንቴይነሩ ሲከፈት ካርቶኑንና ጆንያውን ከመጋዘን ሳያስገባ በፊት ቢመረምር መልካም ይሆናል።

ስለ መራባቱ ጥቂት እንናገር። አይጥ የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች። የትንሿ የቤት አይጥ ልጅ በስድስት ሳምንት ገደማ፤ የጥቁር አይጥ ልጅ ደግሞ በሦስት ወር ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ በመስከረም ሁለት የነበሩት ምግብና ጸጥታ ካገኙ ዓመቱ ሳያልቅ ለመቁጠር የሚያስቸግሩ ይሆናሉ።

የማኘኩም ምክንያት ራብ ብቻ አይደለም። የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልኩን ማደጋቸውን አያቋርጡም። የጥርሱ የላይኛው ሽፋን ከመዳብና ከአሉሚኒየም የጠነከረ ስለሆነ፤ እንጨት፤ ፕላስቲክ፤ እርሳስ ብረትና ደካማ ሲሚንቶ አይመክቱትም። እንግዲህ ምንም የሚበላ ነገር በሌለበት ኮርኒስ ውስጥ እንኳ ቢሆን አይጥ ካለ መፈርፈር አይቀርም ማለት ነው።

ጉዳቱ በሒሳብ ሲታይ

አንድ ጥቁር አይጥ በቀን ከ15 እስከ 25 ግራም የሚሆን ደረቅ ምግብ ይበላል። አማካዩን 20 ግራም ብንል፤ በአንድ ኮርኒስ ውስጥ አሥር አይጦች ቢኖሩ በቀን 200 ግራም፤ በዓመት 73 ኪሎ ይሆናል። ይህ ወደ ሆዳቸው የሚገባው ብቻ ነው። ከበሉት ይልቅ ያበላሹት እንደሚበልጥ ግን ማንም ባለሱቅ ያውቀዋል። አንድ ጆንያ ሩዝ ለመብላት ከአንድ ጥግ ሲቀደድ የሚፈሰው፤ ተለጣፊው የተበጣጠሰ ሣጥን፤ ጫፉ የተነከሰ የሳሙና እሽግ፤ ሽንቱ የነካው ዱቄት ሁሉ በሙሉ ዋጋው ሊሸጥ አይችልም። አንድ አይጠ መጎጥ በቀን እስከ 40 የሚደርስ ኩስ ይጥላል፤ የአሥሩ በዓመት ሲታሰብ 146,000 ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚወድቀው በባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ በኮርኒሱ ስንጥቅ በኩል በመደርደሪያውና በአልጋው ላይ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጉዳት ግን በብር የማይቈጠረው ነው። አንድ ባለሱቅ በወሩ መጨረሻ ዕቃውን ቆጥሮ ስኳሩ፤ ምስሩና ብስኩቱ ከመዝገቡ ጎደሎ ሆኖ ቢያገኘው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ማንን ነው? ከእርሱ ጋር የሚያድረውን የሱቅ ልጅ ነው። ልጁ ይመረመራል፤ ያለቅሳል፤ በመጨረሻም ደመወዙ ተቆርጦበት ወይም ከሥራው ተባርሮ ስሙ በሰፈሩ ሁሉ ይጠፋል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለው ያባቶች ምሳሌ ከዚህ ይበልጥ ቃል በቃል የሚፈጸምበት ስፍራ አይገኝም። ስለዚህ ማናቸውም ነጋዴ ስለ ጎደለው ዕቃ በሰው ላይ ቃል ከመናገሩ በፊት ከጆንያዎቹ በስተጀርባ መብራት ይዞ መመልከት፤ መሰላል አቁሞም ኮርኒሱን ከፍቶ ማየት ይገባዋል። ይህን የሚያዝዘው ትርፍ ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው።

በኮርኒስ ውስጥ የሚደርሱ ዋና ዋና ጉዳቶች

1ኛ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ። በብዙ ቤቶች የመብራት ሽቦ የተዘረጋው በኮርኒሱ ላይ ያለ ቧንቧ ነው። አይጥ የሽቦውን የፕላስቲክ ሽፋን ሲልጠው ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ፤ በተለምዶ ኮንታክት የምንለው ነገር ይፈጠራል። በአጠገቡ ያለው ደግሞ ደረቅ እንጨት፤ ቺፑድ፤ አሮጌ አቡጀዲ፤ አይጡ ራሱ ለጎጆው የሰበሰበው የተበጣጠሰ ወረቀትና ጨርቅ ነው። እሳት ለመነሣት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ቀድሞ የሚያየው ሰው የለም፤ ምክንያቱም በክዳንና በኮርኒስ መካከል የተነሣ እሳት ጭሱ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ተሰውሮ ይስፋፋል። በአንድ ክዳን ተያይዘው በሚኖሩ ሱቆች ዘንድ የአንዱ ቸልተኝነት የሁሉ ጥፋት ይሆናል። ብሬከሩ ያለ ምክንያት ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ ወይም የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፤ ብሬከሩን እየመለሱ ከመቀመጥ ይልቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የኮርኒሱን ሽቦ ማስመርመር ይገባል።

2ኛ፤ የሒሳብ መዝገብና ሰነድ። የቆዩ መዝገቦችን፤ ደረሰኞችንና የጉምሩክ ወረቀቶችን በካርቶን አድርጎ በቆጥ ላይ ወይም ከኮርኒስ በላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አይጥ ግን ለመውለጃዋ ከወረቀት የሚሻል ፍራሽ አታገኝም። ግብር ሰብሳቢው መዝገቡን በጠየቀ ጊዜ «አይጥ በላው» ማለት እውነት ቢሆንም እንደ ማስረጃ አይቈጠርም። ሰነድ የሚቀመጠው ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ወይም በብረት ቁም ሣጥን ነው።

3ኛ፤ ኮርኒሱና የውሃ ቧንቧው። የአይጥ ሽንት ቺፑዱን አርሶ ያበሰብሳል፤ ጂፕሰሙንም ያቀልጠዋል፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ምልክትም ያወጣበታል። ብዙ ሰው ይህን ምልክት ዝናብ ያስገባው መስሎት ቆርቆሮውን ያስለውጣል። በክረምት ከሆነ ሊያጠራጥር ይችላል፤ በበጋ ወራት የወጣ ምልክት ግን የዝናብ ሥራ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ አይጥ ውሃ ፍለጋ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቦረቡራል። ሌሊት የተቦረቦረ ቧንቧ በሱቅ ውስጥ ባለ ጨርቃ ጨርቅ ወይም በሲሚንቶ ክምር ላይ ሲፈስ ቢያድር የጠዋቱ ኪሣራ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

4ኛ፤ የቤተ ሰብ ጤና። አይጥ በሽንቱ፤ በኩሱና በቁንጫው በሽታ ያስተላልፋል። ከእነዚህም ውስጥ ሌፕቶስፓይሮሲስ፤ ሳልሞኔላና በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው የታይፈስ ዓይነት ይገኛሉ። ታላቁ ወረርሽኝ ቸነፈርም ከአይጥ ጋር የተያያዘ ነው። የቸነፈሩን ጀርም አሌክሳንደር የርሲን በ1894 በሆንግ ኮንግ አገኘ፤ በሽታውን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ መሆኑን ደግሞ ፖል ልዊ ሲሞን በ1898 በካራቺ አስረዳ። አይጥ ከሚኖርበት ኮርኒስ ሥር ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባዋል።

ለውጭ አገር ላኪዎች

ሰሊጥ፤ ቦሎቄ፤ ሽምብራና ቡና የሚልኩ ነጋዴዎች ከመጋዘናቸው ጣራ የሚወርደው ነገር ገበያቸውን ሊዘጋ እንደሚችል ሊያውቁ ያስፈልጋል። አይጥ እንደ ሰሊጥ ያለ ቅባት ያለበትን እህል አጥብቆ ይወዳል። ቡናን ብዙም ባይበላው በጆንያው ላይ ይመላለስበታል፤ ይሸናበታልም። ለምሳሌ የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባወጣው ልክ መሠረት በአንድ ፓውንድ ሰሊጥ፤ ማለት በ454 ግራም ገደማ ውስጥ፤ በአማካይ 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ የእንስሳ ኩስ ከተገኘ ዕቃው እንደ ተበላሸ ይቈጠራል። የአንድ አይጠ መጎጥ አንዲት ኩስ ብቻዋን ከ5 ሚሊግራም እጅግ ትበልጣለች። እንግዲህ በማበጠሪያ የጸዳ ሰሊጥ ኮርኒሱ በተቀደደ መጋዘን ውስጥ ጥቂት ሌሊት ቢያድር የማበጠሪያው ድካምና ወጪ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በዚያው አገር በ1938 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ ከዚህም ርቆ ይሄዳል። ምግቡ ሊበከል በሚችልበት ንጹሕ ያልሆነ ስፍራ መቀመጡ ብቻ ምግቡን እንደ ተበላሸ ያስቈጥረዋል። ኃላፊነቱም የዘበኛውና የመጋዘን ሹሙ ብቻ እንዳልሆነ በ1975 የተፈረደ አንድ ፍርድ ያስረዳል። አክሚ ማርኬትስ የተባለ ትልቅ የምግብ ኩባንያ በባልቲሞር ከተማ በነበረው መጋዘን ውስጥ ተቈጣጣሪዎች በ1971 የአይጥ ምልክት አገኙ። ለኩባንያው ፕሬዚዳንት ለጆን ፓርክ ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ በ1972 እንደ ገና ሲመረመር መሻሻል ቢታይም አይጡ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ኩባንያው ጥፋቱን ሲያምን ፕሬዚዳንቱ ግን ሥራውን ለሚታመኑ የበታች ሹማምንት ሰጥቼ ነበር ሲል ተከራከረ። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሁኔታውን ለመከላከልና ለማረም ሥልጣን የነበረው ሰው ከኃላፊነት አይድንም ሲል ፈረደ። መቀጫው በአምስት ክስ እያንዳንዱ 50 ዶላር፤ በጠቅላላው 250 ዶላር ብቻ ነበር፤ ፍርዱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሕግ ሰዎችና በነጋዴዎች ዘንድ ይጠቀሳል። ከዚህ የምንማረው፤ የመጋዘን ቁልፍ ለሌላ ሰው ቢሰጥም የመጋዘኑ ኃላፊነት ከባለቤቱ ጋር እንደሚቀር ነው።

ስለ መድን ውል

ብዙ ነጋዴ «መድን ገብቻለሁ» ብሎ ያለ ሐሳብ ይተኛል። የባሕር ጭነት መድን መሠረት ሆኖ በብዙ አገሮች የሚጠቀሰው የ1906 የእንግሊዝ የባሕር መድን ሕግ በ55ኛው አንቀጽ፤ በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፤ በአይጥና በተባይ በቀጥታ ለደረሰ ጉዳት መድን ሰጪው እንደማይከፍል ይናገራል። የቤትና የሱቅ መድን ውሎችም በተለመደው አጻጻፋቸው በአይጥና በነፍሳት የሚደርሰውን ጉዳት ለብቻው ያስወጡታል፤ ምክንያቱም ይህ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ባለቤቱ ሊከለክለው የሚችል ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳት ነው ይላሉ። አይጥ በቈረጠው ሽቦ የተነሣ እሳት ግን እንደ ውሉ አነጋገር የተለየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው ውሉን አውጥቶ የማይሸፈኑ ጉዳቶች የተዘረዘሩበትን ክፍል ማንበብ፤ ያልተረዳውንም መድን ሰጪውን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። ይህን የሚያደርገው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

መከላከያው

አይጥን የሚያጠፋ አንድ መድኃኒት የለም፤ ሥራው በተራ የሚፈጸም ነው። ተራውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መመርመር። ሌሊት የሚሰማ ሩጫና የመፋቅ ድምፅ፤ ጥቁር ኩስ፤ በወራጅና በግድግዳ ጠርዝ ላይ የሚታይ ቅባት የመሰለ ጥቁር መስመር፤ የሽንት ሽታ፤ የተፈረፈረ ወረቀት የአይጥ መኖር ምልክቶች ናቸው። ኩሱ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ከሆነ የትንሿ አይጥ፤ 12 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ የትልቁ ነው። ቀን ቀን በኮርኒሱ ውስጥ መብራት አጥፍቶ ብርሃን የሚገባበትን ሁሉ ምልክት ማድረግ ቀዳዳዎችን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ ነው።

2ኛ፤ ምግብና ውሃ መከልከል። የተከፈተ ጆንያ ክዳን ወዳለው በርሜል ይገልበጥ። ዕቃ ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፤ ከግድግዳም 45 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ይደርደር፤ ይኸውም መጥረጊያና ዓይን በመካከሉ እንዲያልፉ ነው። ማታ ሱቅ ሳይዘጋ በፊት የፈሰሰው ይጠረግ። የሚያንጠባጥብ ሮቶና ቧንቧ ይጠገን።

3ኛ፤ መንገዱን መዝጋት። አይጥ ወደ ኮርኒስ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በከፈፉ በኩል ነው። ቆርቆሮው ጎድጓዳና ጉብታ ስላለው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በየጉብታው ሥር ክፍት ስፍራ ይቀራል። ሌላው መግቢያ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳውን የሚያልፉበት ቀዳዳ ነው። እነዚህ ከ6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ዓይን ባለው ጠንካራ የብረት ወንፊት፤ በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በሲሚንቶ ልስን ይዘጉ። በጨርቅ፤ በስፖንጅ ወይም በፌስታል መዝጋት ለአይጥ የጎጆ ዕቃ ከማቅረብ አይለይም። በጣራው ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ከክዳኑ ቢያንስ 2 ሜትር እስኪርቅ ይቈረጥ። የበሩ ሥር ክፍተት በብረት ይሸፈን። ሆኖም አይጡ በውስጥ ሳለ ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ቀን መዝጋት መልካም አይደለም፤ ተዘግቶበት ኮርኒሱን ቦርቡሮ ወደ ቤት ይወርዳልና። ዋናው መመላለሻ ብቻ ተትቶ ሌላው ሁሉ ይዘጋ፤ ወጥመዱ የሚይዘው ሲያጣ የቀረው ይዘጋል።

4ኛ፤ ወጥመድ። ጥቁር አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ስለዚህ ወጥመዱ በወራጁና በግድግዳው ጠርዝ፤ አይጡ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ተቀምጦ ለጥቂት ቀን ሳይጠመድ ምግብ ብቻ ይደረግበት። ለውዝ ወይም የለውዝ ቅቤ ጥሩ ማባበያ ነው። አይጡ ከለመደው በኋላ ሁሉም ወጥመድ በአንድ ሌሊት ይጠመድ። አንድ ወይም ሁለት ወጥመድ አይበቃም፤ ብዙ ሆኖ ለጥቂት ሌሊት ቢጠመድ ይሻላል።

5ኛ፤ ማጽዳት። የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባልና። መስኮት ከፍቶ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ፤ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ አዋህዶ መርጨት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆም በጨርቅ ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚህ ሥራ በፊት ግን የኮርኒሱ መብራት ከብሬከሩ ይጥፋ፤ የተላጠ ሽቦ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነፍስ ያጠፋልና።

ስለ መርዝ፤ ስለ ድመትና ስለ ድምፅ መሣሪያ

መርዝ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ቢሆንም በኮርኒስ ውስጥ ግን የመጨረሻ መሆን ይገባዋል። መርዝ የበላ አይጥ እጅ ሊደርስበት በማይችል ስፍራ ሞቶ ለሳምንታት ይሸታል፤ ዝንብም ያፈራል። መርዙም በስንጥቅ በኩል በምግብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚገድለው ዋርፋሪን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተጠንቶ በ1948 ለአይጥ መርዝነት ለገበያ ቀረበ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1958 ግን የማይገድላቸው አይጦች በስኮትላንድ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የመጡት እንደ ብሮማዲዮሎንና ብሮዲፋኩም ያሉት ይበልጥ ኃይለኞች ስለሆኑ፤ የተመረዘውን አይጥ ለሚበሉ ድመትና ጉጉትም አስጊ ናቸው። ለእነዚህ ቫይታሚን ኬ 1 ማርከሻ ሲሆን፤ ዚንክ ፎስፋይድ ለሚባለው ግን የታወቀ ማርከሻ የለውም፤ በሆድ ውስጥ ወደ መርዘኛ ጋዝ ይለወጣል። መርዝ የሚሸጥ ባለሱቅ ከምግብ መደርደሪያ ለይቶ ያስቀምጠው፤ ከመጀመሪያው መያዣ አውጥቶ በስኳር ወረቀት ጠቅልሎ ከቶ አይሽጠው። እንዲህ ያለው ጥቅል በሌላ ሰው እጅ ሲገኝ ምን እንደሆነ የሚነግረው ጽሑፍ የለበትምና።

ድመት ትናንሾቹን አይጦች መቀነስዋ እውነት ነው። ነገር ግን በኮርኒስ የሰፈረውን የትልቅ አይጥ መንጋ ብቻዋን አትጨርሰውም። በምግብ መጋዘን ውስጥ ደግሞ የድመቷ ጠጕርና ኩስ ራሱ የዕቃ ብክለት ነው።

በሰው ጆሮ በማይሰማ ድምፅ አይጥን ያባርራሉ የሚባሉትን መሣሪያዎች ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ካለ፤ የዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች ስለ መሣሪያው የሚናገሩት በሳይንስ የተደገፈ መሆን እንዳለበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፉን ይወቅ። አይጥ ድምፁን በቶሎ ስለሚለምደው ገዢው ዕቃውን ይዞ ወደ ሻጩ ተመልሶ ይመጣል።

መደምደሚያ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጥቂት ሜትር የብረት ወንፊት፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፤ ጥቂት ወጥመዶችና የአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ በዓመት ከሚጠፋው 73 ኪሎ እህል፤ ከተቃጠለ ሱቅና ከተመለሰ የሰሊጥ ጭነት ጋር ሲመዛዘን ምንም ያህል አይደለም። ኮርኒሳቸው የተገናኘ ባለሱቆች ሥራውን በአንድ ሳምንት ውስጥ በኅብረት ቢያደርጉት ወጪው ይቀንሳል፤ አንዱ ያባረረውም በሌላው ዘንድ አይጠለልም። ከዚያም በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ በክረምት መግቢያና የአዲሱ እህል ወደ መጋዘን መግባት በሚጀምርበት ጊዜ፤ መሰላል አቁሞ ኮርኒሱን መመልከት እንደ ዕቃ ቆጠራ ያለ የንግድ ልማድ ሊሆን ይገባል። ነጋዴ የሚያውቀው ኪሣራ ሊታረም ይችላል፤ የሚያሳዝነው በየሌሊቱ እየሰማ የሚያልፈው ነው።